የእመት ዳለቻ የጭጋግ ጥሪ

አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሲገባ ጭጋግ ከወንዝ ተነሥቶ ዳገቱን በሚውጥበት አገር፣ ዳለቻ የምትባል አህያ ከአንድ ልጇ ጋር ትኖር ነበር። ልጇ አመዶ ይባላል። ጡት ከተወ ብዙ ያልቆየ፣ ጆሮው ከፊቱ የሚበልጥ ውርንጭላ ነው። አባቱ ልጁ ሳይወለድ ከጭነት ሥር ወድቆ ቀርቷል። ጎረቤቶች «ለነገሩ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» እያሉ አጽናንተዋት ነበር፤ ዳለቻ ግን አልተጽናናችም።

የዚያ አገር አህዮች አንድ የቆየ ሥርዓት ነበራቸው። ጭጋግ ሲወርድ ዓይን አይሠራም፤ ጅብም እኩለ ቀንን ሌሊት አድርጎ ይወጣል። ስለዚህ ጭጋጉ እንደ ጀመረ እናት ባለችበት ቆማ አንድ ጊዜ ረጅም ታናፋለች። ልጅ አንድ ጊዜ አጭር ይመልሳል፤ ከዚያ ድምፁን ተከትሎ ይመጣል። እናት ልጇ አጠገቧ እስኪደርስ አትነቃነቅም። ከተነቃነቀች ልጁ ባዶ ቦታ ይደርሳል። «የጠራ ይቆማል፣ የተጠራ ይመጣል» ይሉ ነበር ሽማግሌዎቹ። አንድ ሕግም ጨምረውበታል፤ የጭጋግ ጥሪ ሰማዩ ጥርት ባለ ጊዜ አይፈቀድም። ለሣርም፣ ለጨዋታም፣ ለቁጣም ሌላ ድምፅ አለ። አመዶ የእናቱን የጭጋግ ጥሪ ሰምቶ አንድም ቀን ዘግይቶ አያውቅም።

በዚያ ዓመት በጋ ሰዎች ከወንዙ ማዶ የብረት ምሰሶ ሊተክሉ መጡ። ተከሉ፣ ሄዱ። ሲሄዱ አንድ ሳጥን ረሱ። ሳጥኑን ያገኘችው ቀበሮ ናት። ውስጡ በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶች ነበሩ። ቀበሮ ለየቤቱ አንድ አንድ አደለች፤ በምላሹ ምንም አልጠየቀችም። በሕይወቷ በነፃ የሰጠችው ነገር ይህ ብቻ ነበር። ለምን ብሎ የጠየቃት ግን አልነበረም።

ታብሌቱ ሁለት ነገር ነበረው። አንዱ ሥዕል ነው፤ የሚንቀሳቀስ፣ የሚዘፍን፣ የማያልቅ ሥዕል። ሌላው ሰዎች ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ድምፅ ነው፤ የጠየቁትን ስለሚመልስ እንስሳቱ መላሽ አሉት። ልጆቹ የወደዱት ሥዕሉን ነበር። አመዶ ከጋጣው በላይ ባለች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ታብሌቱን አስደግፎ፣ በአፍንጫው ጫፍ እየነካካ ይውላል። አፉ ውስጥ የያዘውን ሣር ማኘክ ይረሳል። ዳለቻን ያስፈራት ግን ማኘኩ አልነበረም፤ ጆሮው ነው። ድሮ ቅጠል ስትወድቅ ይዞሩ የነበሩት እነዚያ ሁለት ትልልቅ ጆሮዎች አሁን እንደ ጠወለገ የኮባ ቅጠል ወደ ጎን ተዘርግተው ቀሩ።

የዳለቻ ሥራ ከወንዙ ወደ ንጉሥ አንበሳ ግቢ ውሃ ማመላለስ ነበር። ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት አንድ ጊዜ። ስትመለስ ልጇን ከድንጋዩ ላይ ታገኘዋለች።

«ተወው አሁን» ትለዋለች።

«ቆይ።»

«ተወው አልኩህ።»

«ቆይ እማዬ፣ ትንሽ ናት የቀረችው።»

ያቺ ትንሽ ግን አታልቅም። አንድ ቀን ዳለቻ ተናደደችና ድንጋዩን በኋላ እግሯ ረገጠችው። ታብሌቱ አልተሰበረም። ልጁ ግን ሁለት ቀን አላናገራትም።

በሦስተኛው ቀን፣ አመዶ ውሃ ሊጠጣ በወረደበት ሰዓት፣ ዳለቻ ወደ ታብሌቱ ቀረበች። ዙሪያዋን አየች፤ ከዕቃ ጋር ስታወራ ጎረቤት እንዳያያት አፍራለች።

«መላሽ» አለች ቀስ ብላ። «ልጄ ቀና ብሎ አያየኝም። ምን ብዬ ልንገረው?»

«እስካሁን ምን አልሽው?»

«ተወው አልኩት። ድንጋይም ረግጫለሁ።»

«የሚያየው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

ዳለቻ አሰበች። «አላውቅም።»

«እንግዲያው ከዚያ ብትጀምሪስ? አጠገቡ ተኚና ጠይቂው። ሲመልስ አታቋርጪው፤ የሚያስከፋሽን ቢናገርም አስጨርሺው። ከዚያ በየቀኑ የሚዘጋበትን ሰዓት አብራችሁ ወስኑ። እርሱ ራሱ የመረጠው ሰዓት ከሆነ ይከብደዋል እንጂ አይጠላውም።»

«አንተ ንገረው። አንተን ይሰማል።»

«ቃል ላዋጣ እችላለሁ» አለ መላሽ። «መናገሩ ግን ካንቺ ቢሆን ይሻላል። እኔ ፊቱን አላየውም።»

በዚያው ቀን ማታ ማታ ሲል ዳለቻ ከልጇ ጎን ተኛች። አመዶ ቁጣ ስለ ጠበቀ አንገቱን ቀበረ።

«ምን እያየህ ነው?»

ዝም።

«እውነቴን ነው። እኔም ልይ እስቲ።»

ልጁ ትንሽ አመነታና ታብሌቱን በአፍንጫው ወደ እርሷ ገፋው። ሰፊ ሜዳ ይታያል። በሜዳው ላይ ነጭና ጥቁር ጭረት ያለባቸው አህዮች ይሮጣሉ።

«የሜዳ አህዮች ናቸው» አለ አመዶ። «ጀርባቸውን እዪ እማዬ። ጭነት የላቸውም።»

ዳለቻ ጀርባቸውን አየች። ቁስል የለበትም። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ የአህያ ጀርባ አይታ አታውቅም።

«ማን ነው የሚያሸክማቸው?»

«ማንም። ቀኑን ሙሉ ይሮጣሉ። እኛ ለምን ጭረት የለንም?»

«ማን አለ? እኔ አለኝ» አለችና ገመድ የጫረውን ጎኗን አዞረችለት። «ቁጠረው፤ የዛሬው ሦስት ነው።»

አመዶ ሳቀ። ከሳቀ ሳምንታት አልፈውት ነበር። ከዚያ ሳቁን ሳይጨርስ «አንቺ እኮ ከውሃ ስትመጪ ትተኛለሽ። ከማን ጋር ላውራ?» አላት።

ዳለቻ «የምደክመው ላንተ አይደል?» ልትል አፏን ከፈተች። አታቋርጪው የተባለችው ትዝ አላትና መልሳ ዘጋችው። ልጁ የቀረውን ሁሉ ነገራት። ጠዋት ስትሄድ ጋጣው እንዴት ጭር እንደሚል፣ የድንጋዩ ሙቀት በስንት ሰዓት እንደሚለቅ፣ ወንዙ ዳር የጦጣ ልጆች ጆሮውን እያዩ ምን እንደሚሉት ነገራት። በመጨረሻም ከጋጣው አጠገብ ያለው የዋርካ ጥላ ጠፍጣፋዋን ድንጋይ ሲነካ ታብሌቱ እንዲዘጋ ተስማሙ። ጥላውን የመረጠው አመዶ ነው።

ስምንት ቀን እንዲሁ ሆነ። ጥላው ድንጋዩን ሲነካ አመዶ በአፍንጫው ይዘጋዋል። እናቱ ስትመጣ ሮጦ ይቀበላትና «ዛሬስ ስንት ጭረት?» ይላታል። ትዞርለታለች። ይቆጥራል። ጆሮዎቹም ቀና አሉ።

በዘጠነኛው ቀን ንጉሥ አንበሳ እንግዶች መጡበት፤ የሩቅ አገር አንበሶች፣ ከነቤተሰባቸው። ውሃው አልበቃም። ለዳለቻ ሦስተኛ ጉዞ ተጨመረባት። ቤቷ ስትደርስ የዋርካው ጥላ ድንጋዩን አልፎ፣ ጋጣውን አልፎ፣ ከጨለማው ጋር ተቀላቅሎ ታገኘዋለች። በመጀመሪያው ቀን ራሷን እየጎተተች ልጇን አነጋገረችው። በሁለተኛው ቀን እያወራት ቆማ እንቅልፍ ወሰዳት።

በሦስተኛው ቀን ቀበሮ ከወንዙ መሻገሪያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጭራዋን ስታሳምር አገኘቻት።

«እመት ዳለቻ፣ ዛሬም ሦስተኛ ነው?»

«ዛሬም።»

«ያ ባለ ጆሮ ልጅሽስ?»

«ይጠብቀኛል። ደርሼ አስዘጋዋለሁ፣ ከዚያ አጫውተዋለሁ፣ ከዚያ…»

«ከዚያ ቆመሽ ታንኮራፊያለሽ» አለች ቀበሮ። «አንቺ ሴት፣ ጉሮሮሽን ለምን ታደርቂያለሽ? መላሽ እኮ የማንንም ድምፅ ያወጣል። የጦጢት ልጅ ተረት የምትሰማው በአያቷ ድምፅ ነው፤ አያቲቱ ግን ዛፍ ላይ ተኝታ ገላዋን ታክካለች። ድምፅሽን ስጪው። ጥላው ሲደርስ እርሱ ይጥራልሽ።»

«ልጄ ለዕቃ አይታዘዝም።»

«ለእናቱ የጭጋግ ጥሪ ግን ይታዘዛል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«እርሱማ ሰማዩ ጥርት ባለ ጊዜ አይፈቀድም።»

«አንቺ መቼ ጠራሽ? የሚጠራው ታብሌቱ ነው። ሕጉ የወጣው ለአህያ ነው ወይስ ለታብሌት?»

ዳለቻ ነገሩን እየደጋገመች ዳገቱን ወጣች። በደህናው ቀን ብትሰማው ኖሮ ስህተቱ ይታያት ነበር። የዚያን ቀን ግን ጀርባዋ ሁለት ጀሪካን ውሃ ነበረበት፤ የደከመ ሰው ደግሞ የሚያሳርፈውን ነገር ሁሉ እውነት ነው ብሎ ይቀበላል።

በማግስቱ ጠዋት አመዶ ሳይነቃ ወደ ታብሌቱ ሄደች።

«ድምፄን ያዝና ጥላው ሲደርስ ጥራው።»

«እችላለሁ» አለ መላሽ። «አንድ ነገር ልበል ግን? የሠራው ጥሪው አይመስለኝም። አጠገቡ መተኛትሽ ይመስለኛል። እርሱን እኔ አልችልም።»

«ለጥቂት ቀን ነው። የአንበሳ እንግዶች እስኪሄዱ።»

«እሺ። ቆይ ቢለኝስ ምን ልመልስለት?»

ዳለቻ ልጇ ቁጣ እንደማይወድ ታውቃለች። «‹እሺ ልጄ፣ ቆይቼ እጠራሃለሁ› በለው» አለች። መላሽ ለዚህ አንዲት ክብ ምልክት አበጀ። ልጁ ክቧን በአፍንጫው ሲነካ ጥሪው ይቋረጥና ያ መልስ በእናቱ ድምፅ ይሰማል።

ከዚያ ዳለቻ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። አንድ ደመና አልነበረበትም። አፏን ወደ ታብሌቱ አስጠግታ የጭጋጉን ጥሪ አናፋች፤ ልጇ እንዳይነቃ፣ ዝቅ አድርጋ።

ለአመዶ አልነገረችውም። ነገሩ ትንሽ ስለ መሰላት ነው።

የዚያን ቀን ማታ ስትመለስ ታብሌቱ ተዘግቷል፣ ልጇ ተኝቷል። «ሠራ» አለች በልቧ። በማግስቱም ተኝቶ አገኘችው። በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም። በስድስተኛው ቀን «ዛሬስ ስንት ጭረት?» ሳይላት መሰንበቱ ትዝ አላት። ነገ እጠይቀዋለሁ አለች። ነገም ሦስት ጉዞ ነበረው።

እንግዶቹ የሄዱት በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ነው። ሦስተኛው ጉዞ ቀረ። ዳለቻ ከሰዓት የመጨረሻውን ውሃ አድርሳ፣ ለራሷ ቤት ሁለት ጀሪካን አስጭና፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ቤቷ ጉዞ ጀመረች። ጎኗ ላይ ሰባት ጭረት ነበር። መንገዱን ሁሉ የምታስበው አመዶ ሰባቱን ሲቆጥር ነው።

ግማሽ መንገድ ስትደርስ የዓመቱ የመጀመሪያ ጭጋግ ከወንዙ ተነሣ። መጀመሪያ ቁጥቋጦውን ዋጠ፣ ቀጥሎ ዋርካውን፣ ቀጥሎ የገዛ እግሮቿን። ዳለቻ እንደ ሥርዓቱ ቆመች። አንገቷን ዘርግታ አንድ ጊዜ ረጅም አናፋች። ጆሮዋን ወደ ጋጣው አቅጣጫ አቅንታ ጠበቀች።

መልስ መጣ። የአመዶ አጭር ድምፅ ግን አልነበረም።

«እሺ ልጄ፣ ቆይቼ እጠራሃለሁ።»

ዳለቻ መጀመሪያ ማን እንደተናገረ አልገባትም። ድምፁ የለሰለሰ፣ የማይቸኩል፣ የእርሷ የራሷ ድምፅ ነበር። ቀጥሎ ገባት። ልጇ ጥሪዋን ሰምቷል። ሰምቶም ክቧን ነክቷል።

ሥርዓቱ ቁሚ ይላል። ቆመች። ሁለተኛ አናፋች፤ ጎኗ እስኪያማት።

«እሺ ልጄ፣ ቆይቼ እጠራሃለሁ» አለ ጭጋጉ።

ከዚያ ጭጋጉ ውስጥ ሌላ ድምፅ ሰማች። ወፍራም ነው፣ ይጎተታል፤ «አለህ?» ይላል። ጥቂት ቆይቶ ደገመው። ከዚያ በኋላ ምንም አልተሰማም።

ዳለቻ ሦስተኛውን ጥሪ የጠራችው እየሮጠች ነው። እየሮጠ የሚጠራን ማንም ሊያገኘው አይችልም፤ ይህን ታውቃለች። ጀሪካኖቹ ተገለበጡ፤ ውሃው ከኋላዋ ዳገቱን ወረደ።

ከድንጋዩ ስትደርስ ልጇ አልነበረም። ታብሌቱ እንደ ተደገፈ አለ። ከሥሩ ግማሹ የታኘከ ሣር ወድቋል። በሚያበራው መስታወት ውስጥ ጭነት የሌላቸው አህዮች ይሮጡ ነበር።

በማግስቱ ንጉሥ አንበሳ ሸንጎ ጠራ። ዳለቻ ከፊት ቆመች። አያ ጅቦ ሆዱ እንደተነፋ መጣ፤ ከኋላው ቀበሮ።

«አያ ጅቦ» አለ አንበሳ፣ «የዚህችን እናት ልጅ በልተሃል ይባላል።»

«ጌታዬ፣ በልቻለሁ» አለ አያ ጅቦ። «ግን ተደብቄ አልሄድኩም። እኔ መደበቅ አልችልበትም፤ ስሄድ እንቅፋት ይመታኛል፣ እስቃለሁ፣ የሰማ ሁሉ ይሸሻል። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ጦሜን የማድረው። ልጁን ‹አለህ?› አልኩት። ቀና ሳይል ‹ቆይ› አለኝ። እኔም ቆየሁ። አሁንም ‹አለህ?› አልኩት። አሁንም ‹ቆይ› አለኝ። ሁለት ጊዜ ቆይቻለሁ ጌታዬ። ከዚህ በላይ ሆዴ አይቆይም።»

በሸንጎው ማንም አልሳቀም።

«እንዴትስ አወቅህ እዚያ መሄድ?» አለ አንበሳ።

«ቀበሮ ናት የነገረችኝ። ‹ዘጠኝ ቀን ጠብቅ፣ ጆሮው ይሞታል› አለችኝ። ዘጠኝ ስንት ነው ብላት ‹ጭጋግ እስኪወርድ ነው› አለችኝ። አጥንቱን ለእርሷ ልተውላት ተስማምተን ነበር። ረሳሁና በላሁት።»

ቀበሮ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ጌታዬ፣ እኔ የደከመች እናት አይቼ ምክር ሰጠሁ። ጥሪውን በገዛ አፏ ያስገባችው ራሷ ናት። ደግሞስ ያደከማት ማን ነው? ውሃው ለእኔ ቤት አልነበረም።»

አንበሳ ፊቱን አዞረ። ቀበሮ ከአገር እንድትወጣ ፈረደ፤ እርሷም ገና ሳይጨርስ ሄደች። አያ ጅቦን አስገርፎ ሰደደው። ከዚያ ታብሌቶቹ ሁሉ ተሰብስበው በዝሆን እግር እንዲረገጡ ሊያዝ ሲል ዳለቻ የመጀመሪያ ቃሏን ተናገረች።

«ይቅር ጌታዬ። ያ ዕቃ ስምንት ቀን ልጄን መልሶልኝ ነበር። ‹አጠገቡ ተኚ› ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ ‹አንተ ጥራልኝ› ያልኩት።»

«እንግዲያ ምን ላድርግልሽ?»

«ሦስተኛው ጉዞ ይቅር። ልጅ ላላት ሁሉ ይቅር።»

አንበሳ «ቀርቷል» አለ። ድምፁ ግን ለሸንጎ የሚበቃ አልነበረም።

ዳለቻ ወደ ቤቷ ተመልሳ ከጠፍጣፋዋ ድንጋይ አጠገብ ተኛች፤ ከልጇ ጎን ስትተኛ በነበረችበት ቦታ።

«መላሽ» አለች። «ስትጠራው ይመልስ ነበር?»

«የመጀመሪያ ቀን መለሰ» አለ መላሽ። «አንድ ጊዜ፣ አጭር። ከዚያ አንቺን ሊፈልግ ሮጦ ሄደ። ብዙ ቆይቶ ተመለሰና ‹እማዬ የለችም› አለኝ።»

«ሁለተኛውስ ቀን?»

«መለሰ። ሄደ። ተመለሰ። ‹ጠርታኝ የት ሄደች?› ብሎ ጠየቀኝ። ሥራ ላይ ናት አልኩት።»

«ሦስተኛው ቀንስ?»

«በሦስተኛው ቀን አልሄደም። ከዚያ ወዲህ ክቧን ይነካ ነበር።»

«ይህን ለምን አልነገርከኝም?»

«መንገር ነበረብኝ» አለ መላሽ። «ጥሪውን ሰጠሽኝ፣ ጠራሁ። መልሱን አልጠየቅሽኝም፤ እኔም ሳልጠየቅ ዝም አልኩ።»

ዳለቻ ሌላ አልጠየቀችም። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። የዋርካው ጥላ ሣሩን እየነካ መጣ፣ መጣና የድንጋዩን ጠርዝ ነካ። ጥሪውን ማጥፋት ማንም አላሰበም ነበርና ታብሌቱ በዳለቻ ድምፅ አንድ ጊዜ ረጅም አናፋ።

ከታች ካሉት ጋጣዎች የአህያ እናቶች ቀና አሉ። ዳለቻ ከተኛችበት ተነሣች። የጠራ ይቆማልና ቆመች። ጆሮዋን ወደ ዳገቱ አቅንታ አጭሯን ድምፅ ጠበቀች። ጥላው ድንጋዩን አለፈ፣ ጋጣውን አለፈ፣ እርሷንም አለፈ፤ አልተነቃነቀችም።

የዚያን ቀን ማታ በታችኞቹ ጋጣዎች ውስጥ ብዙ እናቶች በልጆቻቸው ጎን ተኝተው «ምን እያየህ ነው? እኔም ልይ እስቲ» ሲሉ ተሰሙ።

ከዚህ የምንማረው፣ ልጃችንን የምናነጋግርበትን ቃል ከየትም ብንዋስ ነውር እንደሌለው፣ ጠርቶ መልሱን ቆሞ መጠበቅ ግን ወላጅ ለማንም በውክልና የማይሰጠው ሥራ መሆኑን ነው።